ከ«አንዴ ላስቸግርሽ» ጋር መኖር

ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የግቢያችን ጥበቃ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ እንዳይሆን፣ የዚህ ወር ደመወዜ ጎደለብኝ መሰለኝ» አሉኝ።

አልተሳሳቱም። በእጃቸው መግባት የነበረበት 8,630 ብር ነው። የገባላቸው 6,830። ልዩነቱ 1,800 ብር።

ሒሳብ ላይ የቆየ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። 1,800 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ልዩነት ለ9 እኩል ሲካፈል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቁጥር መገላበጥ ነው። ስምንቷና ስድስቷ ቦታ ተለዋውጠዋል። ለባንክ የሚላከውን ዝርዝር ያኔ ከፔሮሉ፣ ከደመወዝ መዝገቡ ላይ፣ በእጅ ነበር የምገለብጠው። የእሳቸው መስመር ላይ ስደርስ አንደኛው ሾፌር ገብቶ «እህቴ፣ አንዴ ላስቸግርሽ፣ የነዳጅ» ማለቱ ትዝ ይለኛል። ቀና አልኩ፣ ከፈልኩት፣ ተመለስኩ። መጨረሻ ላይ ድምሩን ማመሳከር ነበረብኝ። እሱም በሌላ «አንዴ» መሀል ተረሳ።

ጥበቃው አልተቆጡም። እንዲያውም እኔን ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። እሱ ነው ያንገበገበኝ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳምንት ላይ 1,800 ብር ጎድሎበት «አይዞሽ ልጄ» የሚል ሰው ፊት መቆም ከግልምጫ ይከብዳል።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ነው። 60 የምንጠጋ ሠራተኞች አለን፣ የሒሳብ ክፍሉ ግን ሁለት ሰው ነው። ፔሮል፣ ጡረታ፣ ቫት፣ የባንክ መግለጫን ከመዝገባችን ጋር ማመሳከር እኔ ጋ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፔቲ ካሽ፣ የትናንሽ ወጪዎችን ጥሬ ገንዘብ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ። ፔቲ ካሽ የያዘ ሰው እንደ ሰፈር ቦኖ ነው። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ይመጣበታል።

ከጥበቃው ጉዳይ በኋላ የወሰድኩት የመጀመሪያ መፍትሔ በር መዝጋት ነበር። ቆለፍኩት፣ ስልኬን ድምፅ አጠፋሁ። በመጀመሪያው ቀን የሁለት ቀን ሥራ ሠራሁ ብል ማጋነን አይደለም። በሁለተኛው ቀን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሼ የዕቃ መውጫ ላስፈርም ብለው መጡ። አንኳኩ፣ ስብሰባ ላይ ያለሁ መስሏቸው ተመለሱ። ደንበኛው የላከው አይሱዙ ውጭ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመ። ሾፌሩ ከጥበቃ ጋር ተጣላ። ደንበኛው ለአለቃዬ ደወለ። በሬም ተከፈተ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የእኔ ሥራ ግማሹ መቋረጡ ራሱ መሆኑ ነው። ፊርማዬን የሚጠብቅ ሰው እያቋረጠኝ ሳይሆን ሥራዬን ይዞልኝ እየመጣ ነው። ስለዚህ ሰው እንዳይመጣ ማድረግ አያዋጣም።

ከዚያ የቲማቲሙን ዘዴ ሞከርኩ። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል፣ ፖሞዶሮ ይሉታል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው። ቲማቲም የመሰለች የወጥ ቤት ሰዓት ነበረችው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። 25 ደቂቃ ትሠራለህ፣ 5 ደቂቃ ታርፋለህ። ለተማሪ፣ ለጸሐፊ፣ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ይመስለኛል። እኛ ቢሮ ግን ማንም ሳይመጣ 25 ደቂቃ ማለፉ ራሱ ድግስ ያስደግሳል። በሦስት ቀን ውስጥ አንድም ቲማቲም ሳልጨርስ ተውኩት። ይባስ ብሎ በየ11 ደቂቃው ሰዓቱን ከዜሮ ስጀምር በራሴ መናደድ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን ወሰድኩበት። ሥራን መቆራረስ። በደቂቃ ሳይሆን በሥራው ቅርጽ። ባንክ የማመሳክር ከሆነ አንድ ቁራሽ ማለት የባንክ መግለጫው አንድ ገጽ ነው። ገጹ ሳያልቅ አልነሳም አልልም፣ እነሳለሁ። ግን ገጽ 4ን ስጨርስ ከታች በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሒሳቡን አስሬ ነው ወደ 5 የምሄደው። ከዚያ በኋላ ዓለም ቢገለበጥ እስከ 4 ያለው አይነካም።

ቀጥሎ ያደረግኩት መቁጠር ነው። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። በአሮጌ ቫውቸር (የክፍያ ማዘዣ ወረቀት) ጀርባ ላይ ሰው በመጣ፣ ስልክ በጮኸ፣ ቴሌግራም በመጣ ቁጥር አንድ ጭረት። ከጎኑ በአንድ ቃል ምክንያቱን። ለሦስት ቀን። የመጀመሪያው ቀን 41 ጭረት ወጣ። ሁለተኛው 36። ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር፣ 29።

ቁጥሩ አላስደነቀኝም፣ ምክንያቱ ግን አስደነቀኝ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራ ይዘው የመጡ አልነበሩም። ሁኔታ ለመጠየቅ ነው የመጡት። «ደመወዝ ገባ?» «ቫውቸሬ ተፈረመልኝ?» «ሲፒኦው (የባንክ ክፍያ ማዘዣው) ደረሰ?» ጳጉሜን ሲቃረብ ደግሞ በየዓመቱ የማትቀር ጥያቄ አለች፣ «የጳጉሜን ለብቻው ይከፈላል ወይ?» አይከፈልም። የወር ደመወዝተኛ በዓመት የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው። ይህንን ለአንድ ሰው ለሦስት ዓመት ተከታታይ አስረድቻለሁ።

ስለዚህ በሬ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። «የተፈረሙ» እና «ያልተፈረሙ» ብዬ የቫውቸር ቁጥር ብቻ እጽፍበታለሁ። ስም የለም፣ ገንዘብ የለም። ከታች አንድ መስመር፦ ደመወዝ ባንክ የተላከበት ቀን። ጠዋት ስገባና ከምሳ ስመለስ አስተካክለዋለሁ፣ አራት ደቂቃ አይፈጅም። በሳምንቱ ሰዎች ወረቀቱን እያዩ መመለስ ጀመሩ። አንዳንዱ አይቶ ገብቶ ይጠይቃል እርግጥ። «ለማረጋገጥ ነው» ይላል። ይሁን።

የፔቲ ካሽ ሰዓት ደግሞ ለየሁ። ጠዋት ከ4 እስከ 5፣ ከሰዓት ከ9 እስከ 10። ሰው ይቃወማል ብዬ ፈርቼ ነበር። የተቃወሙት ሾፌሮቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም እውነት ነበራቸው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚወጣ ሾፌር 4 ሰዓትን እንዴት ይጠብቅ? ለእነሱ ሌላ መላ አመጣን። እያንዳንዱ ቋሚ መጠን ያለው ገንዘብ በቅድሚያ ይዞ ይቆያል። ሲያወጣ ደረሰኙን ያመጣል፣ ያወጣውን ያህል እተካለታለሁ። በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብና ደረሰኙ ሲደመር ምንጊዜም ያው ቋሚ መጠን መምጣት አለበት። ፔቲ ካሹ ራሱ የሚሠራው እንዲሁ ነው፣ እኔ ወደ ሾፌሮቹ ኪስ አወረድኩት እንጂ። ደረሰኙ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴም ዘይት ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ ሳይሆን ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ጭረቱን ወደ 20 ገደማ አወረደው። 20 ግን አሁንም 20 ነው። ለእነዚህ ነው ዋናውን ልማድ ያዳበርኩት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱልኝ።

ሰው ሲገባ ወዲያው ቀና አልልም። የግራ እጄን ጣት ከፍ አደርጋለሁ። «አንዴ» ማለቴ ነው፣ እኔም በተራዬ። የያዝኩትን ቁጥር ጽፌ እጨርሳለሁ። ከዚያ አጠገቤ ባለው ደብተር ላይ አንዲት መስመር እጽፋለሁ። የት እንደደረስኩ፣ በጭንቅላቴ ምን ይዤ እንደነበር፣ ስመለስ የመጀመሪያው እጄ ምን እንደሚነካ። ከዚያ ቀና እላለሁ። በሙሉ ፊቴ።

ከደብተሬ ሁለት መስመር ላሳያችሁ። «ጡረታ፦ 7 እና 11 እስከ ተራ ቁጥር 34 ታይቷል። 35 የደመወዝ ጭማሪ ያለው ይመስለኛል፣ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ አለ ወይ?» (7ቱ ከሠራተኛው፣ 11ዱ ከአሠሪው የሚዋጣው መቶኛ ነው።) ሌላዋ፦ «ባንክ ገጽ 6፣ 12,400 የማን ገቢ እንደሆነ አልታወቀም፣ ለሽያጭ ክፍል ደውይ፣ ከዚያ በፊት ገጽ 7ን አትክፈቺ።» ለራሴ ትእዛዝ የምሰጥ እመስላለሁ፣ ነውም። ከተመለስኩ በኋላ ያለችው እኔ ምንም አታውቅም ብዬ ነው የምጽፍላት።

ይህች መስመር አሥር ሰከንድ ትፈጃለች። ያለ እሷ ግን ወደ ሥራው ስመለስ ፋይሉን ከላይ ጀምሬ ነው የማየው። «እዚህ ነበርኩ? አይ እዚህ?» ሲባል አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ያደክመኝ የነበረው ሰዎቹ የሚወስዱት ሁለት ደቂቃ አልነበረም። መመለሻው መንገድ ነው። ኤክሴል ላይ ከሆንኩ ደግሞ ያቆምኩበትን ሳጥን ቢጫ እቀባዋለሁ። ቢጫ ሳጥን ያለበት ፋይል ወደ አለቃም ወደ ባንክም አይላክም። ይህ ሕግ ነው፣ አልጣስኩትም።

ጣት ማንሳቱ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። በእኛ አገር ሰው ሲገባ ፊት አለመስጠት ንቀት ይመስላል። ጋሼን ለምሳሌ ጣት አላነሳባቸውም። እሳቸው ሲገቡ እነሳለሁ። «ኖር» እላለሁ፣ እሳቸውም «በእግዚአብሔር፣ ተቀመጪ ልጄ» ይላሉ። አልቀመጥም። የቤተሰቡን ደኅንነት እንጠያየቃለን፣ የግምጃ ቤቱን ጣሪያ ማፍሰስ እንሰማለን፣ ፊርማውን ቆሜ እፈርማለሁ፣ እስከ በሩ እሸኛቸዋለሁ። ቆሞ የሚደረግ ወግ አጭር ነው፣ ክብሩም አይጓደልም። ይህን ዘዴ ያስተማረችኝ እናቴ ናት ማለት ይቻላል። ለጊዜ ቁጠባ ብላ ባይሆንም። እናንተም ሞክሩት፣ ወንበር ላይ ያለ ሰው ወንበር ይስባል።

«እሺ ነገ»ንም ተውኩ። እምቢ ማለት ሲከብደን «እሺ ነገ» እንላለን። ሰውየው ነገ ይመጣል። እውነቱን ነው፣ ነገ ተብሏል። አሁን ሰዓት ነው የምሰጠው። «እሺ፣ 9 ሰዓት ላይ።» 9 ሰዓት ላይ ካልደረሰልኝ እኔ ሄጄ ነው የምነግረው። ቀድሜ ስሄድ ሰው ምን ያህል እንደሚታገሥ ገርሞኛል።

ቡና ላይ ግን አልደራደርም። ከ4 ሰዓት በፊት ሲፈላ እወርዳለሁ። «ጊዜ የለኝም» ብዬ የቀረሁባቸው ወራት ነበሩ። ቡናው ላይ ሊነገሩኝ የነበሩ ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ ቢሮዬ መጡ። አሁን ደብተሬን ይዤ ነው የምሄደው። አቦሉን በሰላም እጠጣለሁ፣ ጥያቄ አልቀበልም። ቶናው ላይ ደብተሩ ይከፈታል። በረካ የምትጠጣው እማማ ብቻ ናት፣ ቡናውን የምታፈላልን። የፔቲ ካሹ ሰዓት የሚጀምረው 4 ሰዓት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረውኝ ከቡናው ይነሳሉ። እግረ መንገዳችንን ግማሹ ጉዳይ ደረጃው ላይ ያልቃል።

መብራትም ያቋርጣል፣ እሱ ጣት ቢነሳበትም አይሰማም። ድሮ ሲጠፋ ሁላችንም ኮሪደር ወጥተን «በሰፈሩ ነው ወይስ የእኛ ብቻ?» እንባባል ነበር። ከዚያ ሲመጣ ስንበተን ሌላ ግማሽ ሰዓት። አሁን ጠረጴዛዬ ሥር አንድ ካርቶን አለ። መብራት የማይፈልግ ሥራ ሁሉ እዚያ ይገባል። ደረሰኝ በቀን መደርደር፣ ቫውቸር ላይ ቁጥር መጻፍ፣ የቼክ ጉርድ ማመሳከር፣ ፋይል መመለስ። ከላዩ ላይ መደወል ያለብኝ ሰዎች ዝርዝር አለ። መብራት ሲጠፋ ካርቶኑ ይወጣል። እውነት ለመናገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይጠፋ ሲቀር ካርቶኑ ሞልቶ ይጨንቀኛል።

ሰዓት አመዳደብ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ፣ የሌላውን ሰው ሰዓት ማወቅ። ዕቃ የምናመጣው ከቻይና ነው። ቻይና ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ጠዋት 2 ተኩል ስንገባ እነሱ ከምሳ ተመልሰዋል፣ እኛ ምሳ ስንወጣ እነሱ ወደ ቤታቸው ናቸው። ኢሜይላቸውን ከሰዓት በኋላ ብመልስ መልሱ የሚመጣው በነጋታው ነው፣ ማለትም አንድ ቀን ሄደ። ስለዚህ ጠዋት የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የቻይና ነው። ከሰዓት በኋላ ከእነሱ የሚመጣ ነገር ስለሌለ ጸጥ ይላል፣ ፔሮልና ባንክ የማመሳክረው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት አእምሮ ንጹሕ ነው፣ ከባዱን ሥራ ጠዋት ሥሩ ይባላል። እኔ ጋ ጠዋት ንጹሑ አእምሮ ነው እንጂ ቢሮው አይደለም።

አንድ ሰሞን ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ጀምሬ ነበር። ባዶ ቢሮ፣ ማንም የለም፣ ገነት። ሦስት ወር ሠራ። ከዚያ ሾፌሮቹ ነቁ። «ጠዋት ትገኛለች» ተባለ። በአራተኛው ወር 1 ተኩል ላይ በሬ ላይ ሰልፍ ነበር። ያለ ክፍያ አንድ ሰዓት ጨምሬ ያተረፍኩት ቀደም ብሎ መቋረጥን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በቀን 8 ሰዓት ያለው በከንቱ አይደለም አልኩና ተውኩት።

ሰኔ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። በጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ቆጠራ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ ያልመጣ ደረሰኝ ሁሉ ይመጣል። የሰኔ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ዕቅድ አላወጣላቸውም። የማደርገው ሐምሌ ላይ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ወደ ሐምሌ መግፋት ነው፣ ቢጫ ሳጥኑን ብቻ አጥብቄ እይዛለሁ። የወር ግብሩ ላይ ግን ተምሬአለሁ። ያለፈውን ወር የማሳውቀው በተከታዩ ወር ነው፣ ብዙው ሰው ግን የመጨረሻዎቹን ቀናት ይጠብቃል፣ ኦንላይኑም ያኔ ይንቀራፈፋል። እኔ ወሩ በገባ በ15 እጨርሳለሁ። ስለ ጎበዝነት አይደለም። አንድ ጊዜ በመጨረሻው ቀን ምሽት ክብ ምልክቱ ሲሽከረከር እስከ 3 ሰዓት አይቼዋለሁ።

የቀረኝ አለቃዬ ናቸው። በሁለት አስቸኳይ ሥራዎች መሀል ሲያስገቡኝ «ከሁለቱ የቱን ላስቀድም?» ብዬ መጠየቅን ለመድኩ። ሁለቱንም ዝርዝሮች ፊታቸው አድርጌ። ብዙ ጊዜ ራሳቸው «እሱ እንኳ ሰኞ ይደርሳል» ይላሉ። የድምፅ መልእክቱን ግን አላሸነፍኩም። ጽሑፍ በዓይን ይታለፋል፣ ድምፅ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መደመጥ አለበት። «እባክዎ ዋናውን ነገር በጽሑፍ ይላኩልኝ» ብያለሁ፣ «እሺ» ብለዋል። ባለፈው ማክሰኞ የላኩልኝ 6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ መኪናቸውን ያቆማሉ፣ የፓርኪንግ ልጁን ያናግራሉ። አምስተኛው ላይ ነው «እንግዲህ የጠራሁሽ ለምን መሰለሽ» የሚመጣው። አሁን ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በጆሮ ማዳመጫ እሰማቸዋለሁ፣ ደብተሬ በእጄ ነው።